አውራ ጣትሽ ስንት ቁልፍ ያውቃል?

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ሌላም አንባቢ እንዲከታተለው ባጭሩ ላስቀምጠው። ቀን የሰርግ ቪዲዮ ኤዲት ታደርጊያለሽ። ማታ ዶታ 2 ትጫወቻለሽ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከጓደኞችሽ ጋር ጌም ቤት ጎራ ትያለሽ። ዳላስ ያለው የአጎትሽ ልጅ ደግሞ "ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት አብረን እንጫወት" እያለ እየወተወተሽ ነው። ወንድምሽ ለበዓል ከዚያ ሲመጣ የጌም ማውስ ሊያመጣልሽ ነው። "በጎኑ 12 ቁልፍ ያለውን ላስመጣ ወይስ ጥቂት ያለውን? እጄ ትንሽ ነው፣ 16 ሴንቲ ተኩል" ብለሽ ጠየቅሽኝ።

እጅሽን ለክተሽ መጻፍሽ ትልቅ ነገር ነው። ማውስ ሊገዛ የሚያማክረኝ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚነግረኝ ዋጋውንና የዲፒአዩን (ቀስቱ በእጅ እንቅስቃሴ ምን ያህል እንደሚሄድ የሚወስነውን) ቁጥር ነው። እጁን ለክቶ የሚመጣ ጥቂት ነው።

መልሴን ቀድሜ ልንገርሽ። ላንቺ የምመርጠው የጎኑ ክፍል ተነቅሎ የሚቀየር ማውስ ነው። ስትፈልጊ ባለ 6፣ ስትፈልጊ ባለ 12 ይሆናል። ዋጋው ከከበደ አውራ ጣት ሥር ጥቂት ቁልፍ ያለው ሎጂቴክ ጂ502 ይበቃሻል። ጎኑ የማይቀየር ባለ 12 ግን አሁን አታስመጪ። ቢያንስ ቀጥሎ የምነግርሽን ሙከራ ሳትሠሪ አታስመጪ።

ለሙከራው የሚያስፈልገው አንድ አሮጌ ማውስና 12 ፍሬ ድፍን ምስር ነው። አሮጌው ማውስ ግራ ጎን ላይ፣ አውራ ጣትሽ የሚያርፍበት ቦታ፣ ስኮች ለጥፊ። በስኮቹ ላይ ምስሮቹን በሱፐር ግሉ አጣብቂያቸው። ከፊት ወደ ኋላ አራት ረድፍ፣ በየረድፉ ከላይ ወደ ታች ሦስት ሦስት። ቁጥራቸው ከፊተኛው ረድፍ ላይኛው ይጀምራል። በመካከላቸው የግማሽ ምስር ያህል ክፍተት ተዪ። በደንብ ሲደርቅ ማውሱን እንደወትሮሽ ያዢና ዓይንሽን ጨፍኚ። እህት ወይም ወንድም አጠገብሽ ተቀምጦ ቁጥር ይጥራ። "ሰባት!" ሲልሽ ሰባተኛውን ምስር በአውራ ጣትሽ ጫፍ ንኪው። እሱ ትክክል መሆንሽን ይመዝግብ። ሦስት ማታ፣ በየማታው አሥር ደቂቃ ያህል አድርጊው።

የመጀመሪያው ማታ ላይ የፊተኞቹንና የዳር የዳሮቹን ታገኛለሽ። መሃል ያሉት ይምታቱብሻል፤ አምስትና ስምንት መንታ ይሆኑብሻል። አይዞሽ፣ ሁሉም ሰው እንዲያ ነው። ወሳኙ ሦስተኛው ማታ ነው። ከ12ቱ ዘጠኙን ወይም ከዚያ በላይ ሳትሳሳቺ ካገኘሽ ባለ 12 ማውስ ያንቺ ነው። አምስት ስድስቱ ላይ ከቆምሽ ባለ 6 ነሽ። ጣትሽ በጨዋታ መሃል ሳያይ የማያገኘው ቁልፍ ደግሞ እንደሌለ ቁጠሪው። በሌለ ቁልፍ ብዙ ገንዘብ ሲወጣ ስላየሁ ነው እዚህ ላይ የማደክምሽ።

ለመሆኑ 12 የሚለው ቁጥር ከየት መጣ? ከወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት ዓይነት ጨዋታዎች ነው። ጨዋታው እ.ኤ.አ. በ2004 ሲወጣ ስክሪኑ ግርጌ ያለው የችሎታ መደርደሪያ 12 ሳጥን ነበረው፤ አሁንም እንደዚያው ነው። ሳጥኖቹ ከኪቦርዱ የላይኛው ረድፍ ጋር የተያያዙ ናቸው። ከ1 እስከ 9፣ ከዚያ 0፣ ከዚያ የሰረዝና የእኩል ይሆናል ቁልፍ። ግራ እጅ ገጸ ባሕሪውን በሚያስኬዱት ቁልፎች ላይ ተይዞ ሳለ 8ና 9 ላይ መድረስ አይሆንለትም። ሬዘር በ2009 ናጋ የተባለውን ማውስ ሲያወጣ እነዚያን 12 ቁልፎች አንስቶ አውራ ጣት ሥር ደረደራቸው። ሎጂቴክ በ2012 ጂ600ን፣ ኮርሴር በ2015 ሲሚታርን ይዘው ተከተሉ። ስለዚህ ባለ 12 ማውስ ለአንድ ዓይነት ጨዋታ የተሰፋ ልብስ ነው። ያንን ጨዋታ በብዛት ለሚጫወት ሰው በልኩ ነው። ለሌላው ከልክ በላይ ሰፊ ሊሆን ይችላል።

አሁን ወደ አንቺ ጨዋታ እንምጣ። ዶታ 2 ላይ ችሎታዎችሽ ኪው፣ ደብልዩ፣ ኢ እና አር ላይ ናቸው። ግራ እጅሽ እዚያው ስለሆነ ወደ ማውሱ ማምጣት አያስፈልግም። የሚያስቸግሩት እቃዎች ናቸው። ስድስት የእቃ ቦታ አለ፣ ወደ ሩቅ ቦታ የሚወስድሽ ቲፒ አለ፣ ኒውትራል የሚባል ተጨማሪ እቃ አለ። ከእነዚህም የሚጫኑት ሁሉም አይደሉም። ብሊንክ (አጭር ርቀት መዝለያው)፣ ቢኬቢ (ከአስማት መከላከያው)፣ አንድ ሁለት ሌላ፣ ከዚያ ቲፒ። ስድስት ቁልፍ ይበቃዋል፣ ያውም ይተርፋል።

እዚህ ላይ ሻጭ የማይነግርሽ ነገር አለ። የጎን ቁልፍ በአውራ ጣትሽ ስትጫኚ ማውሱን ወደ ቀኝ እየገፋሽው ነው። እንዳይሄድ ከወዲያኛው ጎን የቀለበት ጣትሽና ትንሿ ጣትሽ መመለስ አለባቸው። ቁልፉ ጠንካራ ከሆነ ወይም አውራ ጣትሽ ርቆ ተዘርግቶ ከተጫነ ግፊያው ይበረታል። ቀስቱ ስክሪኑ ላይ ትንሽ ይንሸራተታል። መንጠቆ (ሁክ) የሚወረውረውን ጀግና ፑጅን ይዘሽ ብሊንኩን በአውራ ጣት ተጭነሽ ወዲያው ሁክ ስትወረውሪ ያቺ ትንሽ መንሸራተት ሁኩን ከተቃዋሚው ጀግና ጎን ታሳልፈዋለች። ቅርብና ለስላሳ ቁልፍ የምልሽ ለዚህ ነው። ወንድምሽ ሱቅ ገብቶ መሞከር ከቻለ ቀስቱን አንድ ፊደል ላይ አቁሞ የጎን ቁልፎቹን አንድ በአንድ ይጫን። ቀስቱ ከፊደሉ ከወረደ ያ ማውስ ለዶታ አይሆንም።

ወደ ኤዲቲንጉ ስንመጣ ነገሩ ይለወጣል። ቪዲዮ ኤዲት ለሚያደርግ ሰው ባለ ብዙ ቁልፍ ማውስ ከጌሙም በላይ ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ። የሰርግ ቪዲዮ አስቢ። ከጠዋቱ የሙሽሪት ቤት ሽር ጉድ እስከ ማታው ጭፈራ ድረስ የሰዓታት ቀረጻ አለ። ከዚያ ውስጥ የምታወጪው አንድ ሁለት ሰዓት ነው። ሥራው በአብዛኛው መቁረጥና መጣል ነው። የኤዲቲንግ ፕሮግራሙ ፕሪሚየር ፕሮ ላይ ኪው ከቆምሽበት በፊት ያለውን ቆርጦ ይጥላል፣ ደብልዩ ከቆምሽበት በኋላ ያለውን። ኮንትሮልና ኬ እዚያው ይቆርጣል። ሺፍትና ዲሊት ክፍተት ሳይተው ይሰርዛል። እነዚህን አራቱንና የመመለሻውን ኮንትሮል ዜድ አውራ ጣትሽ ሥር አድርጊያቸው። ግራ እጅሽ ጄ፣ ኬ እና ኤል ላይ ሆኖ ቪዲዮውን ወደፊትና ወደኋላ ይነዳል፤ ቀኝ እጅሽ እየቆረጠ ይከተላል። አንዱም እጅ ከቦታው አይነሳም። ሙሉ ቀን ለሚሠራ ሰው ትከሻ ትልቅ እረፍት ነው።

አንድ ምክር ከዚሁ ጋር። አንድ ቦታ አንድ ትርጉም ይኑረው። ለምሳሌ ከፊት የላይኛው ቁልፍ ፕሪሚየር ላይ መቁረጫ ከሆነ፣ ዶታ ላይ ብዙ የምትጫኚውን እቃ እዚያ አድርጊ። የኋላ የታችኛው ሁልጊዜ "አውጣኝ" ይሁን፤ ኤዲት ላይ መመለሻ፣ ዶታ ላይ ቲፒ። ጣት የሚማረው በቦታ ነው። በየፕሮግራሙ አዲስ ካርታ ከሰጠሽው ግራ ይጋባል።

አሁን ከሁሉም በላይ አስረግጬ ልነግርሽ የምፈልገው ነገር ላይ ደርሻለሁ። የማውሱ የራሱ ሜሞሪ። ያዘጋጀሻቸው ትእዛዞች ሁለት ቦታ ሊቀመጡ ይችላሉ። ወይ ማውሱ ውስጥ ባለች ትንሽ ቺፕ ላይ፣ ወይ ኮምፒውተርሽ ላይ በተጫነው ሶፍትዌር ውስጥ። ማውሱ ውስጥ ከተቀመጡ የትም ብትሰኪው አብረው ይሄዳሉ። ሶፍትዌሩ ውስጥ ከሆኑ እቤት ይቀራሉ።

እኔ ይህን የተማርኩት ደንበኛ ቢሮ ሄጄ ነው። አንድ ሳምንት ሙሉ ያስተካከልኩትን ማውስ ቦርሳዬ ውስጥ ይዤ ሄድኩ። ሰካሁት፤ ግራና ቀኝ ክሊክ ይሠራል። የጎን ቁልፎቹ ግን ቁጥር ብቻ ይጽፋሉ። 1፣ 2፣ 3። ሶፍትዌሩን ላውርድ ብል ኮምፒውተሩ ያለ አስተዳዳሪ ፈቃድ ምንም አያስጭንም። ያን ቀን ሥራውን በባዶ እጄ ጨረስኩት። ጌም ቤትም የሚገጥምሽ ይኸው ነው። ብዙ ጌም ቤቶች ኮምፒውተሩ በተነሳ ቁጥር ወደነበረበት እንዲመለስ ያደርጉታል። ዛሬ የጫንሽው ሶፍትዌር ነገ የለም። ስለዚህ ላንቺ የራሱ ሜሞሪ የሌለው ማውስ በምንም ዋጋ አይታሰብ። ቀለል ያሉ ትእዛዞችን ብቻ በሜሞሪው የሚይዙ፣ የተወሳሰቡትን ግን ለሶፍትዌሩ የሚተዉም አሉ። ከገዛሽ በኋላ ሁሉን አስተካክለሽ ማውሱን ሌላ ሰው ላፕቶፕ ላይ ሰክተሽ አረጋግጪ።

ቁልፎቹ ላይ ምን ትጭኛለሽ የሚለውም ያስቸግራል። ባዶ ቁጥሮችን ካደረግሽባቸው ከኪቦርዱ ጋር ይጋጫሉ። ለዚህ የምወደው መላ አለ። ኪቦርድሽ ላይ ከኤፍ1 እስከ ኤፍ12 አሉ። ኮምፒውተሩ ግን እስከ ኤፍ24 ድረስ ያውቃል። ከኤፍ13 እስከ ኤፍ24 ያሉት ቁልፎች በኪቦርድሽ ላይ የሉም፤ ሲስተሙ ውስጥ ግን ቦታቸው አለ። ስንት ናቸው? ልክ 12። አንድ ለአንድ ከጎን ቁልፎቹ ጋር ይገጥማሉ፣ ከምንም ጋር አይጋጩም። አንዳንድ ጨዋታና ፕሮግራም እነዚህን አይቀበልም። እንዲያ ሲሆን በቀኝ በኩል ያሉትን የቁጥር ቁልፎች ተጠቀሚ። ግን ከሺፍት ጋር አታጣምሪያቸው። ዊንዶውስ ላይ ነምሎክ (የቁጥር ቁልፎቹ ማብሪያ) በርቶ ሺፍት ከተያዘ የቁጥሩ 1 "ኤንድ" ይሆናል፣ ትእዛዝሽም ይጠፋል።

ወደ እጅሽ እንመለስ። 16 ሴንቲ ተኩል ከትንሽ እጅ ይመደባል። ባለ 12ቶቹ ማውሶች ደግሞ አብዛኞቹ 12 ሴንቲ ገደማ ርዝመት አላቸው፣ ወፍራምም ናቸው። መዳፍሽን ሙሉ አስተኝተሽባቸው ከያዝሽ አውራ ጣትሽ የፊተኛው ረድፍ ላይ ለመድረስ መንጠራራት አለበት። ሲሚታር እዚህ ላይ ብልሃት አለው። የ12ቱ ቁልፎች ክፍል በመፍቻ ላላ ተደርጎ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እስከ 8 ሚሊሜትር ይንሸራተታል። 8 ሚሊሜትር ሲሉት ያንሳል። ለአውራ ጣት ግን የአንድ ረድፍ ልዩነት ነው። በዚያ ላይ ረድፎቹ አንዱ ሸካራ አንዱ ለስላሳ ስለሆኑ ጣት የቱ ላይ እንዳለ ያውቃል። ምስሩ ላይ ዘጠኝና ከዚያ በላይ ካገኘሽ፣ ለትንሽ እጅ ከባለ 12ቶቹ እሱን አስቀድማለሁ።

ጎኑ የሚቀየረው የሬዘር ናጋ ቤተሰብ ነው። በ2017 የወጣው ናጋ ትሪኒቲ ባለ ገመድ ሲሆን ባለ 2፣ ባለ 7 እና ባለ 12 ጎን አለው። በ2020 የወጣው ናጋ ፕሮ ገመድ አልባ ነው፤ ባለ 2፣ ባለ 6 እና ባለ 12። በ2022 የወጣው ናጋ ቪ2 ፕሮ ሦስቱን ይዞ ቀጥሏል፣ ክብደቱ ግን 134 ግራም ነው። ጎኖቹ በማግኔት ነው የሚያያዙት። ዶታ ስትጫወቺ ባለ 6ቱን ታደርጊያለሽ፣ ከአጎትሽ ልጅ ጋር ዋርክራፍት ስትገቢ ባለ 12ቱን። ባለ 6ቱ ላንቺ የተሠራ ነው የምለው አውራ ጣትሽ ሳይንቀሳቀስ ሁሉንም ስለሚደርስ ነው። ለወንድምሽ ትሪኒቲ ርካሽ ሆኖ ካገኘው ይያዘው በይው። ገመዱ ላንቺ ችግር አይደለም። ባትሪ የለውም፣ የሚጠፋ ዶንግልም (ኮምፒውተሩ ላይ የሚሰካ ትንሽ መቀበያ) የለውም። የጎን ክፍሎቹ ሦስቱም ሳጥኑ ውስጥ መኖራቸውን ግን ያይ፤ ያገለገለ ሲሸጥ አንዱ የጎደለ ይኖራል።

ጂ502ስ? 11 ቁልፍ ይላል፣ ሳጥን ላይ ያለ ቁጥር ሁሉንም እንደሚቆጥር እወቂ። ግራና ቀኝ ክሊክ፣ የጎማው ክሊክ፣ ጎማው ግራና ቀኝ ሲያዘነብል፣ ሁሉም ተቆጥረዋል። አውራ ጣት ሥር ያሉት ሦስት ናቸው። ጥቅሙ አንዷን ቁልፍ እንደ ሺፍት ማድረግ መቻልሽ ነው። እሷን ይዘሽ ሌላውን ስትጫኚ ሁለተኛ ትእዛዝ ይሰጣል። ርዝመቱ 13 ሴንቲ ከ2 ሚሊ ነው፣ ክብደቱ 121 ግራም፤ ለእጅሽ ረዘም ይላል። ጂ502 ኤክስ የተባለው የ2022ቱ ባለ ገመድ 89 ግራም ብቻ ስለሆነ ከሁለቱ እሱን እመርጥልሻለሁ። የአውራ ጣት ጫፍ ላይ ያለችው ቁልፍም ተነቅላ ትገለበጣለች፤ አጭር ጣት ላለው ሰው ትቀርባለች። ርካሹ ሬድራጎን ኤም908 ባለ 12 ነው፣ የራሱ ሜሞሪም አለው፣ ብዙ ሰው ይወደዋል። ግን ሰፊ ነው። ላንቺ አይሆንም።

የዲፒአይን ነገር ባጭሩ። ስክሪንሽ 1920 ፒክስል ወርድ አለው እንበል። በ800 ዲፒአይ ቀስቱ ከዳር ዳር እንዲደርስ እጅሽ 6 ሴንቲ ያህል ይሄዳል። በ1600 ዲፒአይ 3 ሴንቲ ይሄዳል። በ25,600 ግን 2 ሚሊሜትር እንኳ አይሞላም። በዚያ ፍጥነት ማንም አይጫወትም። ከላይ ከጠራኋቸው ውስጥ የሁሉም ሴንሰር ይበቃሻል።

ከዲፒአይ ይልቅ ክሊኩን ጠይቂ። ወደ እኔ ለጥገና የሚመጣ ማውስ አብዛኛው አንዴ ሲጫኑት ሁለቴ የሚቆጥር ነው። ውስጡ ያለችው ቀጭን የብረት ምላስ ነች ችግሩ። በተነካካች ቁጥር ቆሻሻና ዝገት ይይዛታል፣ ኤሌክትሪኩ ይቆራረጣል፣ ኮምፒውተሩ ሁለት ክሊክ ይመስለዋል። በብርሃን የሚሠሩ ክሊኮች ይህ የለባቸውም፤ ጨረሩ ሲከፈት ወይም ሲዘጋ ነው የሚቆጥሩት። ናጋ ቪ2 ፕሮም ጂ502 ኤክስም ለዋናዎቹ ክሊኮች ይህን ዓይነት ይጠቀማሉ። የጎን ቁልፎቹን ደግሞ በሳምንት አንዴ በለስላሳ ብሩሽ አጽጂያቸው። ላብና አቧራ በመካከላቸው ገብቶ ሲጋገር ቁልፉ ይከብዳል። የከበደ ቁልፍ ምን እንደሚያደርግ ቅድም ነግሬሻለሁ።

ማክሮንም አንሺ አላንሺ፣ አንድ ቀን ትሞክሪዋለሽ። አንድ ቁልፍ ተጭነሽ አምስት ነገር በተከታታይ እንዲሠራ ማድረግ ይቻላል። ለኤዲቲንግ እንደልብሽ ተጠቀሚበት። ለጨዋታ ግን ተጠንቀቂ። የዋርክራፍት ባለቤት ብሊዛርድ በ2020 አንድን የቁልፍ ጭነት ለብዙ አካውንት የሚበትን ሶፍትዌር ዋርክራፍት ላይ ከልክሏል። ቫልቭ በነሐሴ 2024 ካውንተር ስትራይክ 2 ላይ እንቅስቃሴንና ተኩስን የሚያቀነባብሩ የኪቦርድ ዘዴዎችን የሚጠቀም ሰው ከጨዋታው እንዲባረር አድርጓል። ዶታም የዚያው ኩባንያ ነው። አንድ ጭነት አንድ ትእዛዝ በሚለው ከቆየሽ አካውንትሽ ሰላም ያድራል። ዓመታት ያፈሰስሽበት አካውንት ነው፣ ለአንድ ማክሮ ሲባል አይጠፋም።

እዚሁ አዲስ አበባ ለመግዛት ከወሰንሽ ላፕቶፕሽን ይዘሽ ሂጂ። የኩባንያውን ሶፍትዌር ቤትሽ ጭነሽ ተዘጋጂ፤ ለሎጂቴክ ጂ ሀብ፣ ለሬዘር ሲናፕስ፣ ለኮርሴር አይኪው። ሱቁ ውስጥ ማውሱን ስኪው። ሶፍትዌሩ በስሙ ካልጠራው አትግዢው። ሻጩ "ኦሪጅናል ነው" ቢልሽም አመስግነሽ ውጪ።

ማውሱ እጅሽ ሲገባ በመጀመሪያው ሳምንት ሦስት ቁልፍ ብቻ ሙዪ። ሌላውን ባዶ ተዪው። በስህተት ብትነኪው ምንም አይሆንም፣ ጣትሽም ሳይፈራ ይማራል። በየሳምንቱ ሁለት ጨምሪ። 12ቱንም በአንድ ማታ ሞልተው በሦስተኛው ቀን ወደ ድሮው ማውስ የተመለሱ ብዙ አይቻለሁ።

ምስሮቹን ዛሬ ለጥፊያቸው። የሦስተኛውን ማታ ውጤት ላኪልኝ፤ የትኞቹ ቁጥሮች እንደተምታቱብሽም ጻፊልኝ። የፊተኞቹ ከሆኑ ሲሚታርን ወደ ኋላ አንሸራተን እናየዋለን፣ የመሃሎቹ ከሆኑ ባለ 6ቱ ናጋ ነው። ወንድምሽ ከመክፈሉ በፊትም የሳጥኑን ጀርባ ፎቶ ያንሳልሽ፤ አብረን እናነበዋለን።